ሕጉ ሰንሰለቱን ይፈታል፤ ቤቱን የሚከፍተው ማን ነው?



ከዓመታት በፊት በአንድ እሑድ አምልኮ ላይ አንዲት እናት ለምስጋና ወደ ፊት ወጣች። ልጇ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ነበርና «ጌታ በር ከፈተልን» አለች። እኛም እልል አልን፤ በልጅቱ ላይ እጃችንን ጭነን ጸለይን፤ ሸኘናት። በማን በኩል እንደምትሄድ፣ የሥራ ውል እንዳላት፣ ዕድሜዋም ስንት እንደ ሆነ የጠየቀ መጋቢም ሽማግሌም አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅቱ ባዶ እጇን ተመለሰች። ወደ ጉባኤ ግን አልመጣችም። ዘግይተን ቤቷ ሄደን ስንጠይቃት፣ «ስሄድ ሁላችሁም ጸለያችሁልኝ፤ ስመለስ ግን የጠራኝ የለም» አለችን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይወቅሰናል። ዛሬ ይህን ታሪክ የምንጽፈውም ከዚህ ወቀሳ ተነሥተን ነው።

ከሁሩሙ እስከ ምንኩሉ

በአገራችን በሰው መነገድ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1856 አካባቢ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ አንድ ልጅ ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ አሉት። ይህ ስም በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም የሚል ሐሳብ አለው። ሂካ ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ነጠቁት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሰ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ቨርነር ሙንሲንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ነጻ የወጣው ልጅ በወደቡ ከተማ ያለ ዘመድ፣ ያለ ምግብ፣ ያለ ቋንቋ ይቀር ነበር። ሌላ ፈንጋይ እስኪያገኘውም ብዙ አይቆይም ነበር። ነገር ግን በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረ። ልጁን ተቀበሉት፤ አበሉት፤ አስተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1872 ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ለፊልሞና በተጻፈው መልእክት ውስጥ የምናገኘው የዚያ ባሪያ ስም ነው፤ ትርጉሙም «የሚጠቅም» ማለት ነው።

አናሲሞስ ነሲብ በእርግጥ ጠቃሚ ሆነ። አዲስ ኪዳንን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1893 አሳተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። በዚህ ሥራ ከጎኑ የቆመችው አስቴር ጋኖም እንደ እርሱ በባርነት የተሸጠች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1886 ቀይ ባሕርን አሻግሮ ሊሸጣት የሚወስዳትን ጀልባ የጣልያን መርከቦች ያዙት፤ እርስዋም በዚያው በምንኩሉ ትምህርት ቤት ማረፊያ አገኘች። የሕዝቧን 500 ያህል ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖችም ሰበሰበች። ሚሊዮኖች የእግዚአብሔርን ቃል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብ የጀመሩት በሁለት ነጻ በወጡ ሰዎች ድካም ነው።

ዐዋጁ ለምን ዘገየ?

መንግሥታትስ በዚያ ዘመን ዝም ብለው ነበርን? አልነበሩም። ዐፄ ቴዎድሮስም፣ ዐፄ ዮሐንስም፣ ዐፄ ምኒልክም የባሪያ ንግድን የሚከለክል ትእዛዝ በየዘመናቸው አውጥተዋል። ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1884 ከእንግሊዝ ጋር በዚሁ ጉዳይ ውል ተፈራርመዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በሚቀጥለው ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን ዐዋጅ አስነገሩ። በ1931 ሌላ ሕግ ተጨመረ። ባርነት በሕግ ፊት ፈጽሞ የተሻረው ግን ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በ1942 በወጣው ዐዋጅ ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ክልከላ እስከ መጨረሻው ዐዋጅ ከ80 ዓመት በላይ ሄደ ማለት ነው። ለምን? አንደኛ፣ ሕጉን እንዲያስፈጽሙ የታዘዙት ብዙ ሹማምንት ራሳቸው ባሪያ ነበራቸው። ሁለተኛ፣ ነጻ የወጣው ሰው መሬትም ቤትም ስላልነበረው ብዙ ጊዜ እዚያው በቀድሞ ጌታው ደጅ ይቀር ነበር። ሦስተኛውን ስንናገር እናፍራለን፤ መስቀል በአንገቱ ያሰረ ክርስቲያን ጌታ ባሪያውን ይዞ ይጸልይ ነበር፤ ይህም ለሰሚው አይከብደውም ነበር።

የዘመናችን ፈንጋይ

ዛሬ ፈንጋዩ በፈረስ አይመጣም። ስልክ ይደውላል፤ ብዙ ጊዜ የሰፈር ልጅ ወይም ዘመድ ነው፤ «ደላላ» ይባላል። መንገዱም በመተማ፣ በሞያሌ፣ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለቤት ሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዐረቢያ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ጀመረችና በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። እገዳው በ2010 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ ግን ጉዞው አልቆመም፤ በሕጋዊው በር መውጣት ያልቻለው በበረሃና በባሕር ሄደ። በር መዝጋት ብቻውን ሰውን እንደማያድን በዚህ ተምረናል።

ስለዚህ ሕጉ እየሰፋ መጣ። አዋጅ ቁጥር 909/2007 በሰው የሚነግዱትን በከባድ እስራት ለመቅጣትና ተጎጂዎችን ለማቋቋም ወጣ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ የሚሄድ ሠራተኛ 18 ዓመት የሞላው፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን፣ ስምሪቱም የሁለትዮሽ ስምምነት ካለባቸው አገሮች ጋር እንዲሆን ደነገገ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1178 የ909ኙን ቦታ ተካ። በዚህ አዋጅ መሠረት ሴትን ወይም ሕፃንን በዚህ ንግድ ውስጥ የጣለ ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ይታሰራል።

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሕጉ የሚናገረው ድንበር ስለ መሻገር ብቻ አይደለም። በማታለል፣ በማስገደድ ወይም የሰውን ችግር መጠቀሚያ በማድረግ ሰውን ለብዝበዛ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማስጠጋትና መቀበል ሁሉ ወንጀል ነው። ከገጠር «አስተምራታለሁ» ተብላ መጥታ በወጥ ቤታችን ጥግ የምታድረው፣ ትምህርት ቤት ያልገባችው፣ ደመወዟን አይታ የማታውቀው የ12 ዓመት ልጅስ? እርስዋን ያመጣው ሰው ምን ይባላል? የተቀበልናትስ እኛ? ያን ጊዜ ባሪያውን ይዞ የሚጸልየውን ጌታ ከመውቀሳችን በፊት ወደ ወጥ ቤታችን እንግባ።

የማደሪያ ቤት አዘጋጁ

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር አይለሳለስም። የሙሴ ሕግ ሰውን ሰርቆ የሚሸጠውን በሞት ይቀጣል (ዘጸ. 21፥16)፤ ያመለጠውን ባሪያ ለጌታው አሳልፎ መስጠትንም ይከለክላል፤ በመረጠው ስፍራ እንዲኖርም ያዝዛል (ዘዳ. 23፥15-16)። ጳውሎስ በሰው የሚነግዱትን ከነፍሰ ገዳዮች ጋር በአንድ ዝርዝር ይቆጥራቸዋል (1ጢሞ. 1፥9-10)። ዮሴፍም በገዛ ወንድሞቹ በ20 ብር ተሸጦአል። የሸጡት የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን አንርሳ።

ለፊልሞና የተጻፈውን መልእክት ደግሞ እንመልከት። ጳውሎስ አናሲሞስን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ይላል። የበደለውም፣ ያለበትም ዕዳ ቢኖር በእኔ ላይ ይቆጠር ይላል። ዝቅ ብሎም ለራሱ ማደሪያ እንዲዘጋጅለት ይጠይቃል። እንግዲህ ጳውሎስ ራሱ ወደዚያ ቤት ይመጣል፤ አናሲሞስ እንዴት እንደ ተያዘም በዓይኑ ያያል። ፊልሞና ለሐዋርያው ክፍል ሲያዘጋጅ ለአናሲሞስ የሰጠው ቦታ የት እንደ ሆነ ሳያስብ አይቀርም።

መንግሥት የሚሠራው ሥራ አለው፤ ያወጣል፣ ይይዛል፣ ይፈርዳል። እኛም ስለ ባለ ሥልጣናት ልንጸልይ፣ ያየነውንም ለፖሊስ ልናመለክት ይገባናል፤ ደላላው አስራት የሚከፍል የጉባኤያችን አባል ቢሆን እንኳ። ነገር ግን ከአውሮፕላን ወርዳ በሌሊት የቆመችውን ልጅ፣ በቤተሰቧ ዘንድ «ባዶ እጅዋን መጣች» የተባለችውን፣ እንቅልፍ ያጣችውን ልጅ ዐዋጅ ብቻውን አያቅፋትም። ሙንሲንገር ልጁን ነጻ አወጣው፤ ምንኩሉ ግን አሳደገው። ሁለቱም ባይኖሩ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ማን ይተረጉመው ነበር?

ስለዚህ ከእንግዲህ ለመንገደኛ ከመጸለያችን በፊት እንጠይቅ፦ ውሉን አይተነዋል? ዕድሜዋ ደርሷል? የሚልካት ኤጀንሲ ፈቃድ አለው? የምንደውልበት ስልክ አለን? ስትመለስም እንደ ሄደችበት ቀን ቆመን እንቀበላት፤ በእጅዋ ያለውን አንመልከት፤ አልጋ እንስጣት፣ ሐኪም ዘንድ እናድርሳት፣ ሙያ እንድትማር እንርዳት። በየቤታችን ያለችውንም ልጅ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት እናስመዝግባት።

ያቺ እኅት ዛሬም በከተማችን አለች። ይቅርታ ጠይቀናታል። እስካሁን ወደ ጉባኤ አልተመለሰችም፤ እኛ ግን ወደ እርስዋ መሄዳችንን አላቆምንም።

ጌታ ሆይ፣ በደጃችን ያለፈውን ወንድማችንንና እኅታችንን ያላየንበትን ዘመን ይቅር በለን። ቤታችንን ክፈት። አሜን።