የወረዳ ትምህርት አስተዳደር፣ ገንዘብና የተማሪዎች ውጤት፤ ከጎንደር ደጋማ ወረዳዎች አንጻር የታየ ታሪካዊ ቅኝት

የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በብሔራዊ ፈተና ያገኙት ውጤት ዝቅ ባለ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀርበው ለርእሰ መምህሩና ለመምህራኑ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ለዚያ ትምህርት ቤት በዓመቱ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ደረሰው፣ ገንዘቡ በምን ላይ መዋል እንዳለበት የወሰነው ማን እንደ ሆነ፣ ወላጆችስ ከመንግሥት በጀት ውጭ ምን ያህል እንዳዋጡ ከውጤቱ ጎን ተጽፎ ሲቀርብ እምብዛም አይታይም። ይህ ጽሑፍ በጎንደርና በአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች የትምህርት አስተዳደርና የገንዘብ ምንጭ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደ ተለዋወጠ ለማሳየት ይሞክራል። የጸሐፊው አስተያየት፣ ዘመናዊ ትምህርት ከተስፋፋ ወዲህ ገንዘቡን የሚከፍለው፣ በገንዘቡ ላይ የሚያዘውና ስለ ውጤቱ የሚጠየቀው ወገን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አያውቁም የሚል ነው። በተለየ ካልተመለከተ በቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከጥንቱ እንነሣ። በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቆረቆረችው ጎንደር፣ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻቸው ካደረጓት ጀምሮ የቤተ መንግሥት ብቻ ሳትሆን የጉባኤ ቤትም ከተማ ነበረች። ዛሬ የቀሐን ስም የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው የፋሲልን መዋኛና የጥምቀትን በዓል ነው፤ ይሁንና በዚያው ወንዝ ዳርና በየደብሩ አጸድ ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ የተማረው የቆሎ ተማሪ ቁጥሩ ጥቂት አልነበረም። የበአታ አቋቋም እስከ ዛሬ ድረስ ከሩቅ አገር ተማሪ እየመጣ የሚያስመሰክርበት ጉባኤ ነው። የዚህ ትምህርት አስተዳደር ቀላል ነበር። መምህሩ ከደብሩ በተሰጠው መሬት ይተዳደራል፤ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ መንደር ለመንደር ዞሮ ባገኘው ቁራሽ ይኖራል፤ የመማሩ ማረጋገጫም የመምህሩ ምስክርነት ነው። ከፋዩ፣ አስተዳዳሪውና ስለ ውጤቱ የሚጠየቀው በአንድ ደብር ክልል ውስጥ ይገኙ ነበር ማለት ነው። ይህን ስል ያን ዘመን ለማሳመር አይደለም። ሴት ልጅ ከጥቂቶች በቀር በጉባኤው ስፍራ አልነበራትም፤ የተማሪውም ኑሮ ከውሻና ከረኃብ ጋር ትግል ነበር። የገንዘቡ ምንጭ ግን የታወቀ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የደብሩን መሬት ሲወስድ የመምህሩም መተዳደሪያ አብሮ እንደ ተወሰደ በጊዜው ብዙ አልተነገረም።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመለስ፣ ከጠላት ወረራ በኋላ ትምህርት ሚኒስቴር በ1934 ዓ.ም. እንደ ገና ሲቋቋም ሥራው ሁሉ በማዕከል የተያዘ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለረዥም ዘመን በእጃቸው ይዘው መቆየታቸው ለትምህርት የተሰጠውን ክብር ያሳያል፤ ስለ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ጣሪያ እንኳ የሚወሰነው ምን ያህል ርቆ እንደ ነበረም ያስረዳል። ከዚህ አንጻር በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ቁጥር 94 ትልቅ እርምጃ ነበር። በመሬት ላይ የተጣለው ይህ ግብር በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ ለዚህም የአካባቢ የትምህርት ቦርድ እንዲኖር ታሰበ። «ከዚህ የተሰበሰበ እዚሁ ይዋል» የሚለው መሠረተ ሐሳብ ለጆሮ የሚስማማ ነው።

ለበጌምድርና ስሜን ግን ሐሳቡ እንደ ስሙ አልሆነም። በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ሲሻሻል ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ እንደ ሌላው ክፍል በጋሻ እየተለካ ሳይሆን በቀድሞው የተወሰነ ግብር እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ባለርስቱ መሬቱ እንዳይለካበት የነበረው ሥጋት የታወቀ ነው፤ ልኬት የርስት መነጠቂያ መንገድ መስሎ ይታየው ነበርና። መሬቱ ባለመለካቱ በመሬት ላይ ከተጣለ ግብር ሊገኝ የሚችለው ገቢ አነስተኛ ሆነ። ገቢው በዚያው ይዋል ሲባልም አነስተኛው ገቢ አነስተኛ ትምህርት ቤት ማለት ሆነ። ከዚህም ሌላ የተሠሩት ትምህርት ቤቶች የበዙት በከተማ ስለ ነበር፣ የወገራና የስሜን ገበሬ የከፈለው ግብር ልጁን ሳይሆን የከተሜውን ልጅ አስተማረ። ገበሬው ርስቱን ለመጠበቅ የወሰደው አቋም በልጁ ትምህርት ላይ ዋጋ ያስከፈለው መሆኑን በጊዜው ያስረዳው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት በአሜሪካ አገር የታየውን አንድ ክርክር ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያ አገር ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚተዳደሩት በትንንሽ የአካባቢ የትምህርት አስተዳደሮች ሲሆን፣ የገንዘባቸውም ዋና ምንጭ በአካባቢው ቤትና መሬት ላይ የሚጣል ግብር ነው። በቴክሳስ ግዛት በሳን አንቶኒዮ ከተማ የሚገኘው ድኻው የኤጅውድ አስተዳደር ሀብታም ከሆነው ጎረቤቱ ከአላሞ ሃይትስ ይልቅ ከፍ ባለ መጣኝ ግብር እየከፈለ፣ እ.ኤ.አ. በ1967/68 ለአንድ ተማሪ ሊያወጣ የቻለው 356 ዶላር ብቻ ነበር፤ ጎረቤቱ ግን 594 ዶላር አወጣ። ወላጆች ያቀረቡት ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 አምስት ዳኞች በአራት በልጠው ልዩነቱ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት አይጥስም ሲሉ ፈረዱ። የአካባቢ ገንዘብ የአካባቢን ሥልጣን ሊያጠነክር ይችላል፤ የአካባቢን ድኽነትም አብሮ ያጸናል። በ1940 ዓ.ም. አዋጅ ሥር የነበረችው በጌምድር ሥልጣኑን በወጉ ሳታገኝ ድኽነቱን ብቻ ወረሰች ለማለት ይቻላል።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ፣ አስተናጋጇ አገር በተማሪ ብዛት ከመጨረሻዎቹ ተርታ መሆኗ በይፋ ታየ። ከዚያ በኋላ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ በየአውራጃው ሲስፋፋ የአካባቢው ሕዝብ ድርሻውን እንዲያዋጣ ይጠየቅ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተጠናው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ፣ ማለትም ብዙዎች «ሴክተር ሪቪው» ብለው የሚያስታውሱት፣ የገንዘቡን አቅጣጫ ወደ ገጠር ለማዞርና ለሁሉም ሕፃናት የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለማዳረስ ሐሳብ አቀረበ። ጥናቱ ከሕዝብ ተሰውሮ ከቆየ በኋላ ወሬው ሲሰማ መምህራኑ ለኑሯቸው፣ የከተማው ወላጅ ለልጁ የሁለተኛ ደረጃ ዕድል ሠጋ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የመምህራን አድማ ተነሣ፤ ጥናቱም ሳይሠራበት ቀረ። በእኔ አስተያየት ጥናቱ ስለ ገጠሩ ያለው ነገር ትክክል ነበር። ስሕተቱ የሚመለከታቸውን ሰዎች ሳይጠይቁ ስለ እነርሱ መወሰኑ ነው። የጃን አሞራ ገበሬ ግን በአድማውም በጥናቱም አልተጠየቀም።

በደርግ ዘመን ሁለት አዋጆች ተከታትለው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ቁጥጥር እንዲተዳደሩ ሲደነግግ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው አዋጅ ቁጥር 260 ደግሞ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎችን አስተዳደር አጠናከረ። በወረቀት ላይ ሲታይ ገበሬው የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሆነ። ኮሚቴው የሚያዝበት ገንዘብ ግን ራሱ ከሚያዋጣው በቀር አልነበረም፤ መምህር መቅጠርና ማዛወር፣ መጽሐፍ ማሳተምና ማከፋፈል የሚኒስቴሩ ሥራ ሆኖ ቀጠለ። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን የተከታተልሁት እንዲህ ባለው ኮሚቴ በሚተዳደር የገጠር ትምህርት ቤት ነው። አባቶቻችን የባሕር ዛፍ አጣና ተሸክመው ሲመጡ አስታውሳለሁ፤ የትምህርት ቤቱን በጀት የጠየቀ ሰው ግን አላስታውስም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዓለም አቀፍ ሽልማት እስከ መክበር ደርሶ ነበር፤ ያ ዘመቻ የሕዝብ ጉልበት ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ዘመቻ ግን የዓመት በጀት አይሆንም።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነጻ አደረገ። በ1994ና በ1995 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ጥቅል በጀት በቀመር እየተሠላ ለወረዳዎች መሰጠት ሲጀምር ወረዳው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት አገኘ። በዚያው ጊዜ ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና የወላጅ መምህር ኅብረትን ሥልጣን ዘረዘረ። ከ1940 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ሥልጣንና ገንዘብ ይህን ያህል የተቀራረቡበት ጊዜ አልነበረም።

ነገር ግን የወረዳውን የትምህርት በጀት የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው የደመወዝ ዓምድ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚያነበው ብዙ ነገር አያገኝም። ደመወዝ ሲነሣለት የሚተርፈው ለጠመኔ፣ ለመዝገብና ለውሎ አበል አይበቃም። የተረፈውም በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በፑል ስለሚያዝ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ እንኳ በጥያቄ እንጂ በእጁ አያገኘውም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር ልክ በቀጥታ ለትምህርት ቤቶች የተሰጠው የድጎማ ገንዘብ በብዙ የደጋ ትምህርት ቤቶች ርእሰ መምህሩ ሊያዝበት የቻለው የመጀመሪያው ገንዘብ ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው የውስጥ ገቢ ነው። ይኸውም ከግቢው የሚታጨደው ሣር ሽያጭ፣ ከባሕር ዛፉ አጣና፣ ለእኩል ከተሰጠው ቁራሽ መሬት የሚገኘው እህል፣ ቀሪውም የወላጅ መዋጮ ነው።

የዕጩ መምህራንን የተግባር ልምምድ ለመከታተል ወደ አንድ የደጋ ትምህርት ቤት በሄድሁ ጊዜ ርእሰ መምህሩ የኅብረቱን ቃለ ጉባኤ መዝገብ አሳይተውኝ ነበር። በተደጋጋሚ የሚነሡት አጀንዳዎች የጥበቃው ደመወዝ፣ የተሰበሩት ዴስኮችና ሣሩን ማን ይግዛው የሚሉ ናቸው። ስለ ንባብ ወይም ስለ ሒሳብ ውጤት የተጻፈ ገጽ ፈልጌ አላገኘሁም። ርእሰ መምህሩን ስለዚህ ስጠይቃቸው፣ ወላጆቹ ሊወስኑበት በማይችሉት ነገር ስብሰባ መጥራት ከብዷቸው እንደ ሆነ ነገሩኝ። መልሳቸው ለጊዜው አላረካኝም፤ ቆይቼ ሳስበው ግን የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

በበጀት መዝገብ ፈጽሞ የማይጻፍ ሌላ ወጪም አለ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሌለበት ቀበሌ ያሉ ወላጆች ልጃቸውን ወደ ወረዳው ከተማ ልከው ቤት ይከራዩለታል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ተማሪው ቤቱ ሄዶ እንጀራውን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። ልጅቱ ከሆነች ሥጋቱ እጥፍ ነው፤ ብዙዎች ከ8ኛ ክፍል በኋላ የሚቀሩት በዚህ ነው። የቆሎ ተማሪው ስልቻ መልኩን ለውጦ ቀጥሏል ብንል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ የዛሬው ትምህርት ነጻ መባሉ ነው።

ውጤቱን እንመልከት። በፖሊሲው ዘመን መጀመሪያ 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2000 ዓ.ም. 15 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በብሔራዊ የትምህርት ቅበላ ጥናት የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት ግን በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 47.9 ከመቶ በ2000 ዓ.ም. ወደ 40.9 ወረደ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ ሆኑ፤ በዚሁ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። በጎንደር ደጋማ ወረዳዎች በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው የትጥቅ ግጭት ያዘጋቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ወረዳን ከወረዳ በውጤት ብቻ ማወዳደር ርቀቱን ሳይለኩ ሯጮችን እንደ ማወዳደር ነው።

ስለዚህ ለዕቅድ ባለሙያዎች የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። የየወረዳው የፈተና ውጤት ሲታተም ከጎኑ ሦስት ዓምድ ይጨመር፤ ከደመወዝ ውጭ ለአንድ ተማሪ የወጣው ገንዘብ፣ ወላጆች ያዋጡት፣ ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ክፍት ሆኖ የቆየባቸው ቀናት ብዛት። የመጀመሪያው በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ሦስተኛው በርእሰ መምህሩ መዝገብ አለ። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው፤ የሚገኘው በየትምህርት ቤቱ የብረት ሣጥን ውስጥ በተቀመጡት ቃለ ጉባኤዎችና የገቢ ደረሰኞች ላይ ብቻ ስለ ሆነ። በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የምንሠራ ሰዎች ለተግባር ልምምድ የምንልካቸውን ዕጩ መምህራን እነዚህን መዝገቦች እየገለበጡ እንዲመጡ ልናዝዛቸው እንችላለን። የደረሰኝ ጥራዙ አይጥ ሳይበላው፣ ግጭት ባለበትም ሣጥኑ ሳይሰበር መጀመር ያስፈልጋል።