«የሚታወቅ» አባት

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «አባት ሳያውቅ ልጁ ለጉዲፈቻ ሊሰጥ ይችላል ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ሕጉን ገልጦ ላነበበ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

ከባህሉ ልጀምር። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ነው። በአማራው በኩል ደግሞ «የጡት ልጅ» የሚባል ነበር። አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ ለልጁ ያጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ የጡት አባቱ ነው። ልብ በሉ፣ የወለደው አባት በዚህ አይሻርም። ለልጁ አባት ተጨመረለት እንጂ አልተቀነሰበትም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻን በአሳዳጊውና በልጁ ቤተሰብ መካከል የሚደረግ፣ ፍርድ ቤት የሚያጸድቀው ውል አደረገው። አባትና እናት በሕይወት ካሉና የሚታወቁ ከሆነ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ 213) ይህንኑ ደገመ። አንደኛው ወላጅ እምቢ ቢልና ልጁ 10 ዓመት የሞላው ቢሆን ግን ፍርድ ቤቱ የሌላውን ወላጅና የልጁን ሐሳብ ሰምቶ ሊያጸድቅ ይችላል። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995፣ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ ጉዱ ያለው «የሚታወቁ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። አባት በማን ነው የሚታወቀው? በጎረቤት? በመልክ? ሕጉ መንገዱን ቆጥሮ አስቀምጧል። እዚህ ገንዳ ውሃ ያላችሁ ነገሩን ቶሎ ትረዱታላችሁ። ሰሊጥ ለማረም፣ ኋላም ለማጨድ ከደጋ የሚወርደውን ወጣት አስቡት። ከአንዲት ልጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ ከፀነሰች ሕጉ አባት ነው ብሎ ይገምታል። እንዲያው ተዋውቀው ከሆነና እሱ ሥራው ሲያልቅ አገሩ ከገባ ግን ግምት የለም። ልጁን «የኔ ነው» ብሎ መቀበል አለበት፤ ለምሳሌ በክብር መዝገብ ሹም ፊት። ይህም ብቻውን አይበቃም። እናትየዋ «አዎ፣ እሱ ነው» ብላ ካልተቀበለች ቃሉ ዋጋ የለውም። ብዙ ወንዶች ይህን ስነግራቸው ይቆጣሉ! እኔ ግን ድንጋጌውን አልነቅፈውም። ባይኖር ኖሮ ማንም ተነስቶ የሰው ልጅ አባት ነኝ ባለ ነበር። ብቻ ውጤቱን እወቁት፦ ሳይቀበል የሄደ አባት በሕግ ዓይን «የማይታወቅ» ነው፣ የእናትየዋ ስምምነት ብቻውን ይበቃል።

አባትነቱ የተረጋገጠለትም ቢሆን ሁልጊዜ አይረታም። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነውን የሕግ ተማሪዎቼ ታስታውሱታላችሁ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ታሳድገዋለች፤ አባት መጥቶ ሞግዚትነቱ ይገባኛል አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ ከአባት መብት የልጁ ጥቅም ይቀድማል አለ። ትክክል ነበር፣ ዛሬም እላለሁ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የሚታወቀው፣ በሕይወት ያለው፣ በጣቱ የፈረመው አባት ነው። ከ1991 ገደማ ጀምሮ ከ15 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ አሜሪካ ብቻ በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ ብዙዎቹ ከደቡብ፣ ከወላይታና ከሀዲያ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ወላጅ ልጁን ለማሳደጊያ ድርጅት ያስረክባል፣ ድርጅቱ ሞግዚት ሆኖ ከውጭው አሳዳጊ ጋር ይዋዋላል፣ አዲስ አበባ ያለው ፍርድ ቤት ያጸድቃል። በአንዳንዱ መዝገብ ማሳደጊያው ልጁን አይቶትም አያውቅም ነበር፤ በ2006 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የአንድ አስማሚ ድርጅት ሠራተኞችን የከሰሰው በዚሁ ነው። መጋቢት 2003 ላይ ሚኒስቴሩ በቀን እስከ 50 የሚደርሰውን መዝገብ ወደ 5 ያወረደው ማጣራት ስላቃተው ነበር።

ያ አባት የፈረመው ምን መስሎት ነው? እንደ ጡት ልጅ መስሎት ነዋ! ልጄ ይማራል፣ ይደውላል፣ ይመለሳል ብሎ። ሲፈርምም በእኛ ሕግ አልተሳሳተም። አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ይላል። ልጁ የገባበት አገር ሕግ ግን የወላጅን መብት ከሥሩ ይቆርጠዋል። አንድ ፊርማ፣ ሁለት ሕግ። ይህን ልዩነት ቁጭ አድርጎ ያስረዳው ማን ነበር?

ጥር 1 ቀን 2010 ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን በአዋጅ 1070 አስቀረ። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው የዘጋው። ቀድመው የሄዱት ልጆች ዛሬ ጎረምሶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ መጥተው ያፈላልጋሉ። የወለደው ሰው በእኛ ሕግ እስከ ዛሬ አባታቸው ነው። እዚያ በተሰጣቸው የልደት ወረቀት ላይ «አባት» በሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው ግን የሌላ ሰው ስም ነው።