ሐረር ያስተማረቻቸው፣ ጅጅጋ ያስመረረቻቸው

ሹመት በመጣ ቁጥር «ልምድ አለው» ይባላል። ለመሆኑ ልምድ ምንድን ነው? ወንበር ላይ የተቀመጡበት ዓመት ብዛት ነው? የእኛ ምሥራቅ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ምስክሮች አሉት።

አንደኛው ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ናቸው። አባታቸው ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና ልጅ ነበሩ። ሰላሌ በስም ተሰጣቸው፤ ቀጥሎ ከሲዳሞ ከፊሉን ገዙ። በ1902 ሐረርጌ ላይ ሲሾሙ 18 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም።

ሐረርጌ ደግሞ ተራ ግዛት አልነበረም። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የአገሪቱ ትልቁ የንግድ በር እዚሁ ነበር። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ዓረቡ እዚህ ይነግዳል፤ ቆንስሉ ደጅ ይመላለሳል። ዛሬ ታይዋን ገበያ ገብቶ ዋጋ የሚከራከር ሰው የሚያየው ያንኑ የቆየ ነገር ነው፦ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ፣ ቀረጥ፣ ኮንትሮባንድ፣ በመሐል ደግሞ መንግሥት።

ወጣቱ ገዢ ስድስት ዓመት ያህል እዚህ ሲቆዩ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ ከውጭ ሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን እንዴት በአንድነት እንደሚያስተዳድሩ አዩ። መስከረም 17 ቀን 1909 አልጋ ወራሽ ሲሆኑ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። በ1916 ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ያ ትምህርት ፍሬ አፈራ።

ልብ በሉ፣ ሐረር ሁሉን አላስተማረችም። ገዢው በግዛቱ ብቸኛ አዛዥ ነበር። በ1923 የወጣው ሕገ መንግሥትም ፓርላማ ቢያቋቁም ሥልጣኑን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተወው። ሰው የሚማረው ያየውን ነው፤ ሥልጣን መካፈልን ያላየ ሰው ዙፋን ላይ ሲወጣ ከየት ያመጣዋል?

ሁለተኛው ምስክር ገርማሜ ንዋይ ናቸው። አሜሪካ ተምረው ተመለሱ፤ ወላይታን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። መሬት ለሌለው ገበሬ መሬት ማከፋፈል ሲጀምሩ ባለርስቱ አቤት አለ። እርሳቸውም ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። እዚያም ለአርብቶ አደሩ የሚሆን ሥራ ለመሥራት ሲሞክሩ ከላይ የሚሰማቸው አላገኙም። በታኅሣሥ 1953 ከወንድማቸው ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት መሩ። ሙከራው ከሸፈ፤ ሁለቱንም ሕይወታቸውን አስከፈላቸው፤ ሌላም ብዙ ደም ፈሰሰ።

እንግዲህ አስተያየቱ እንዲህ ነው። ሁለቱም በወጣትነት ገዝተዋል፤ ሁለቱም ከሥራው ተምረዋል። ልዩነቱ አንዱ የተማሩትን ይዘው ወደ ላይ የሚወጡበት መሰላል ነበራቸው፤ ለሌላው መሰላሉ ተነሳ። የሚገርመው ደግሞ በሁለተኛው ጊዜ መሰላሉ አናት ላይ የነበሩት አንደኛው ራሳቸው መሆናቸው ነው።

ስለዚህ የቀበሌና የወረዳ ሥራ ለከፍተኛ ሥልጣን ትምህርት ቤት የሚሆነው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። ተሿሚው የሥራውን ውጤት እስኪያይ ይቆይ፤ ከታች ያየውን ሲናገር ከላይ የሚሰማው ይኑር። አለበለዚያ ከታች የሚያድገው ወይ ዝምታን የለመደ ሎሌ ነው፣ ወይ ተስፋ የቆረጠ አመፀኛ።

እናንተ ባላችሁበት ወረዳ የትኛው እያደገ ነው?