በየቀኑ አንድ ማራቶን

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። እኔ ገና አልተወለድኩም፤ ታሪኩን አባቴ ደጋግሞ ሲያወራ ነው የሰማሁት። በዚያው ቀን ካናዳ ውስጥ ሌላ ወጣት ሩጫ ላይ እንደነበር ግን አባቴም አልሰማም። ስሙ ቴሪ ፎክስ ነው። በማግስቱ 22 ዓመት ሞላው። የሚሮጠው በአንድ የራሱና በአንድ ሰው ሠራሽ እግር ነበር።

ቴሪ ቅርጫት ኳስ የሚወድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በ1969 ዓ.ም.፣ በ18 ዓመቱ፣ ቀኝ ጉልበቱን አመመው፤ ኦስቲኦሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። እግሩ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ አሠልጣኙ የነበረ ሰው፣ በሰው ሠራሽ እግር የኒው ዮርክ ማራቶንን ስለጨረሰው ስለ ዲክ ትራውም የተጻፈ ጽሑፍ አመጣለት። የሩጫው ሐሳብ ከዚያ መጣ።

ለምን ለምርምር? ኬሞቴራፒ ሲወስድ አብረውት የሚታከሙ ልጆች ሲሞቱ አየ። የመዳን ዕድሉ 50 ከመቶ እንደሆነም ተነገረው፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቢታመም ኖሮ ግን 15 ከመቶ ብቻ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ምርምር መሆኑ ገባው።

ሚያዝያ 4 ቀን 1972 ዓ.ም. በሴንት ጆንስ ሰው ሠራሽ እግሩን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ነክሮ ጉዞ ጀመረ። አገሩን አቋርጦ ፓሲፊክ ሊደርስ ነው። ጓደኛው መኪና እየነዳ አብሮት ይሄዳል። በቀን 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በየቀኑ አንድ ማራቶን ማለት ነው። በጤነኛው እግሩ ሁለቴ ይነጥራል፣ በሰው ሠራሹ አንዴ ይረግጣል። የተቆረጠው እግሩ ይቆስላል፣ ይደማል። መጀመሪያ ላይ ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። 10,000 ሰው የሚኖርባት ፖርት ኦ ባስክ ግን ከ10,000 ዶላር በላይ አዋጥታ ሰጠችው። ምኞቱ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ማግኘት ሆነ።

ነሐሴ 26 ቀን፣ በ143ኛው ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ ተንደር ቤይ አጠገብ ቆመ። ካንሰሩ ሳንባው ደርሶ ነበር። በጥር 1973 ዓ.ም. መዋጮው 24 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ የካናዳ ሕዝብም ያኔ ያን ያህል ነበር። ሰኔ 21 ቀን፣ 23 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ አረፈ። በመስከረም 1974 ዓ.ም. በስሙ በተደረገው የመጀመሪያ ሩጫ 300,000 ሰው ወጣ። በዚህ ሩጫ እስከ ዛሬ አንደኛ የሚባል የለም።

የቴሪን ታሪክ ፈልጌ ያነበብኩት በአንድ ታካሚዬ ምክንያት ነው። የ16 ዓመት ልጅ ነው፤ ጉልበቱ አብጦ ለወራት ወጌሻ ጋ ሲመላለስ ቆይቶ መጣ። እኛ ጋ ሲደርስ ሳንባውም ተነክቷል። አባቱ፣ «ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከመቶ ስንቱ ይድናል?» አሉኝ። ከውጭ አገር መጽሐፍ ያነበብኩትን ቁጥር ነገርኳቸው። «የእኛ አገር ልጆችስ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ልጁን ቀበርነው፤ ጥያቄው ግን እስካሁን አብሮኝ አለ።

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የካንሰር መዝገብ አላት፤ ትልቅ ጅምር ነው። ግን አገሪቱ አዲስ አበባ ብቻ አይደለችም።

በዘንድሮው ዝግጅታችን የምንሮጠው ሩጫ ገቢ ለመድኃኒት ይዋል የሚሉ ጓደኞቼ አልተሳሳቱም፤ ወረፋ የሚጠብቀውን ሕመምተኛ እኔም በየቀኑ አየዋለሁ። የምለምነው ከገቢው ሩቡ ለምርምር እንዲሆን ነው። መምህራኖቻችን ርዕሱን ስጡልን፣ ሬዚደንቶች ከየመዝገብ ቤቱ ፋይል አውጥተው ይቁጠሩ፦ ስንቱ መጣ፣ መቼ መጣ፣ ስንቱ ዳነ። ይህ ማሽን አይጠይቅም።

እኔ ተመዝግቤያለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ ከኋላ ነው የምታገኙኝ፤ አብራችሁኝ ሁኑ።