ሸክላ፣ ማግና ጥራት፤ የምስል ዲስክ ማጫወቻ ታሪክ ከስያሜ አንጻር

ድምፅ የተቀረጸበትን ክብና ዝርግ ዕቃ አማርኛ «ሸክላ» ይለዋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ በጀርመን አገር ዜማቸውን ያስቀረጹት በዚሁ ዓይነት ዕቃ ላይ ነበር። ለስሙ ምክንያት የሆነው የዕቃው ተሰባሪነት ይመስለናል። ምስል የሚይዘው ዲስክ ግን ወደ አገራችን ሲገባ እንዲህ ያለ የቤት ስም አላገኘም፤ ቪሲዲ፣ ዲቪዲ እየተባለ በባዕድ ፊደላት ስም ቀረ። ስሙ ባይጎዳም፣ ስለ አሠራሩ የምንነጋገርባቸው ቃላት ግን ጎድለውናል።

ምስልን በሸክላ ላይ የማኖር ሐሳብ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ የቆየ ነው። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጆን ሎጊ ቤርድ እ.ኤ.አ. በ1927 30 መስመር ብቻ የነበረውን የቴሌቪዥን ምስል በተራ የድምፅ ሸክላ ላይ ቀርጾ ነበር። ሆኖም አጥጋቢ ሆኖ መልሶ ሊያሳየው አልቻለም። ምስሉ በደንብ የታየው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዶን ማክሊን የተባሉ መሐንዲስ ስሕተቱን በኮምፒዩተር ካረሙት በኋላ ነው። ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን፤ በዲስኩ ላይ የተቀረጸው ነገርና ማጫወቻው ከዚያ የሚያወጣው ምስል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ ለገበያ የቀረበው ባለ 30 ሴንቲ ሜትር የሌዘር ዲስክ በብርሃን የሚነበብ ቢሆንም ምስሉ ዲጂታል አልነበረም። የጥቃቅን ጉድጓዶቹ ርዝመትና ርቀት የምስሉን ሞገድ ይከተል ነበር። በዚህ ምክንያት የማንበቢያው ድክመት ሁሉ በመስተዋቱ ላይ እንደ ነጠብጣብና እንደ ጭረት ሆኖ ይታይ ነበር። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1993 ቪሲዲ፣ በ1996 መጨረሻ ደግሞ በጃፓን ዲቪዲ ተከተሉ። በኢትዮጵያ የአማርኛ ዘፈንና ፊልም በየቤቱ የገባው በተለይ በቪሲዲ ነው፤ አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ የሚሸጠውም አንዱ ከ74 ደቂቃ ብዙ ስለማይዝ ነበር።

«ዲጂታል ከሆነ ማጫወቻ ሁሉ አንድ ነው» የሚለው አባባል የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። አባባሉ እስከ ንባቡ ድረስ እውነት አለው። ዲስኩ ትንሽ ቢጫር እንኳ አብሮ የተጻፈው የእርምት ስሌት የጠፋውን ቁጥር መልሶ ያገኘዋል። ሥራው የሚጀምረው ግን ከንባቡ በኋላ ነው። የአንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል፤ ምስሉ ሳይታመቅ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ቦታ በ5 ደቂቃ ገደማ ያልቅ ነበር። በዲስኩ ላይ ያለው እንግዲህ በአመዛኙ የምስሎች ልዩነት እንጂ ሙሉው ምስል አይደለም፤ ማጫወቻው ምስሉን እንደገና መሥራት አለበት።

እዚህ ላይ የሸማኔው ቤት ትዝ ይለናል። የቀድሞው ቴሌቪዥን አንዱን ምስል በሁለት ዙር ይሥል ነበር፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን። ፈረንሳዮች የዚህን አንድ ዙር መጠሪያ «ትራም» ይሉታል፤ ትርጉሙም ማግ ነው። ጀርመኖች ደግሞ «ሃልብቢልድ» ማለትም ግማሽ ምስል ይላሉ። «ማግ» የሚለው ቃል ልባችንን ስቦት ነበር። ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ ማግ ሲባል አንዲት ክር ያስባል፤ ስለዚህ ይበልጥ የሚስማማው ለመስመሩ ነው። መስመሩም ቢሆን እንደ መወርወሪያ ሄዶ አይመለስም፤ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በዚህ ምክንያት የጀርመኖቹን መንገድ ተከትለን «ግማሽ ምስል» የሚለውን መርጠናል።

የቃሉ ጥቅም በሥራ ላይ ይታያል። ፊልም በሴኮንድ 24 ሥዕል ነው። የአሜሪካና የጃፓን ቴሌቪዥን በሴኮንድ 60 ገደማ ግማሽ ምስል ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ሥዕል 2 ጊዜ፣ ተከታዩ 3 ጊዜ እየተደገመ አራቱ ሥዕሎች 10 ግማሽ ምስሎች ይሆናሉ። መስመሮቹን በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ማጫወቻ ይህን ተራ ካላወቀ የሁለት የተለያዩ ሥዕሎችን ግማሾች ያጋባና የሚንቀሳቀሰው ነገር ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ቀለሙም የራሱ ጣጣ አለው። በዲቪዲ ላይ ለ4 የብርሃን ነጥቦች የሚመዘገበው አንድ የቀለም መረጃ ብቻ ስለሆነ፣ ቀሪውን ማጫወቻው በግምት ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካውያን የቴክኒክ ጸሐፊዎች ብዙ ማጫወቻዎች ይህን በተሳሳተ ስሌት እንደሚሠሩና በደማቅ ቀይ ጠርዝ ላይ የተሸነቆሩ መስመሮች እንደሚታዩ አጋለጡ። ዲስኩ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ከመካከላችን አንዱ ለቃል ለቀማ ወደ አንድ የጥገና ቤት በሄደ ጊዜ ደንበኛው «ጥራት የለውም» እያለ ዲስኩን በነጠላው ጫፍ ሲወለውል አገኘው። «ጥራት» ከ«ጠራ» የወጣ ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን የነጥብ ብዛትን፣ የጠርዝ ጥርት ማለትን፣ ለቀረጻው ታማኝ መሆንንና የዕቃውን ደኅንነት አንድ ላይ ስለ ተሸከመ ጠጋኙም ደንበኛውም በየፊናቸው ሌላ ነገር ይረዳሉ። ሰውዬው የማጫወቻውን ጥፋት በዲስኩ ላይ እያራገፈ ገንዘቡን አዲስ ዲስክ በመግዛት ይጨርሳል። በእኛ አስተያየት «የነጥብ ብዛት»፣ «ጥርት»ና «ታማኝነት» በየራሳቸው ካርድ ሊገቡ ይገባል፤ «ጥራት» ለጠቅላላው ይቅር።

በድምፅ በኩል ታማኝነት የሚለው ቃል ይበልጥ ያስፈልገናል። ኢትዮጵያን ጨምሮ የፓል ሥርዓትን በተከተሉ አገሮች ቴሌቪዥን በሴኮንድ 25 ምስል ስለሚያሳይ፣ ለእነዚህ አገሮች በተዘጋጀ ዲቪዲ ላይ ፊልሙ አብዛኛውን ጊዜ በ4 በመቶ እንዲፈጥን ይደረግ ነበር። የ100 ደቂቃው ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል፤ ድምፁም ካልታረመ ከግማሽ ቶን ባነሰ መጠን ይቀጥናል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ዘፋኙ ግን የዘፈነው በዚያ ቅኝት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ብሉ ሬይ 24ቱን ሥዕል እንዳለ ስለሚይዝ ይህ ችግር በአብዛኛው ቀርቷል።

የመሣሪያው ስም ቀርቶናል። ሕዝቡ «ዴክ» ይላል፤ እኛ «ማጫወቻ» ጽፈናል፤ ከጎኑም «ዴክ፦ በንግግር» የሚል ማመልከቻ አኑረናል።