የቮልስዋገን በር ሆድ ዕቃ

በአገራችን «ቮልስ» በሚል ስም የምትታወቀው አነስተኛ አውቶሞቢል ለሲቪል አገልግሎት በተከታታይ መመረት የጀመረችው በ1945 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ሲሆን፣ የመጨረሻዋ በ2003 ከሜክሲኮው ፋብሪካ እስከወጣችበት ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ስለ ሞተሯ ብዙ ተብሏል፤ የበሯን ውስጥ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው።

በ1952 እ.ኤ.አ. መገባደጃ በፊት በሮቿ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን የአየር መስኮት ሲጨመር፣ የዚህ መስኮት የኋላ ቋሚ ለዋናው መስተዋት መንሸራተቻ ሆነ። ስለሆነም በሩ እንደገና ሲገጣጠም ማንሻው ይቀድማል፤ መስተዋቱ ከማንሻው ጋር ይታሰራል፤ የቋሚው ብሎን የሚጠብቀው መስተዋቱ ደጋግሞ ወጥቶና ወርዶ ሳይንገዳገድ መሄዱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚናቀው በላሜራውና በካርቶን ሽፋኑ መካከል የሚለጠፈው ውኃ የማያሳልፍ ወረቀት ነው። ዝናብ በመስተዋቱ ጠርዝ ወደ በሩ ሆድ መዝለቁ ጉድለት አይደለም፤ ታስቦበት ከግርጌ የመውረጃ ቀዳዳዎች ተበጅተዋል፤ ወረቀቱም ካርቶኑን ከዚህ ውኃ ይጋርዳል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመጀመሪያ በሩን ሲገጥም ወረቀቱን እንደ ትርፍ ቆጥሮ ጥሎት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ካርቶኑ እንደ ፍትፍት ርሶ ከክሊፖቹ ተላቀቀ፤ ቀዳዳዎቹም በቀለም ተደፍነው ኖሮ፣ ከበሩ ግርጌ የተጠራቀመው ውኃ ላሜራውን ማዛግ ጀምሮ ተገኘ።