የፎገራ ሜዳ ደጋፊ የቅርቡን ቡድን ለምን መረጠ?

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዙሪያዋን የፎገራ ሜዳ ከቧታል። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ ክረምት በመጣ ቁጥር ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በሩዙና በከብቱ ስሙ የተጠራ አገር ነው። ለእግር ኳስ ታሪክ ግን ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው። ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ጎንደር ደግሞ በሌላው ወገን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለቱም ጫፍ የፕሪሚየር ሊግ ቡድን አለ፤ በጎንደር አፄዎቹ ፋሲል ከነማ፣ በባሕር ዳር የጣና ሞገዶቹ ባሕር ዳር ከነማ።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው። በዓለም ላይ አለ የተባለውን ምርጥ ኳስ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው፣ በጥራት ብዙ ደረጃ ዝቅ ያለውን የአገሩን ሊግ ለምን የራሴ ይላል? ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ካናዳውያን የራሳቸው የሆነ፣ በእጅ የሚያዝበት እግር ኳስ አላቸው፤ አጠገባቸው ያለው የአሜሪካው ሊግ በሀብትም በዝናም ይበልጠዋል። ሁለቱ ጨዋታዎች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 1874 የሞንትሪያሉ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ልጆች ወደ ሃርቫርድ ሄደው፣ አንዱን ቀን በአስተናጋጆቹ ደንብ፣ ሌላውን ቀን በራሳቸው የራግቢ ደንብ ተጫወቱ። ሃርቫርዶች የእንግዶቹን ደንብ ወደዱት፤ የአሜሪካው ጨዋታ ከዚያ ብዙ ወሰደ። በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ካናዳዊው 12 ተጫዋች ያሰልፋል፣ አሜሪካዊው 11። ካናዳዊው ኳሷን 10 ያርድ ለመግፋት 3 ዕድል ብቻ ሲሰጥ አሜሪካዊው 4 ይሰጣል። የካናዳው ሜዳ በርዝመትም በስፋትም ይበልጣል።

ደጋፊዎች ለምን የካናዳውን እንደሚመርጡ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ይህንኑ ደንብ ነው፤ ዕድሉ ሲያንስ ኳሷ በአየር ትበዛለች፣ ጨዋታው ይፈጥናል ይላሉ። እውነት አለው። እኔ ግን ከደንቡ ይልቅ የሳስካችዋንን ሁኔታ አስቀድማለሁ። ይህ ስንዴ አብቃይ የሜዳ ግዛት ነው። ዋና ከተማው ሬጃይና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1910 ጀምሮ ቡድን አለው፤ የዛሬው ራፍራይደርስ ማለት ነው። ባለቤቱ አንድ ባለጸጋ ሳይሆን ኅብረተሰቡ ነው። ገበሬው ረጅም መንገድ ነድቶ የሚመጣው የራሱን ቡድን ሊያይ ነው። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ደንቡ የፍቅሩ ማስረጃ እንጂ ምንጩ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የፎገራ ሰው ለረጅም ዘመን የቅርብ የሚለው ቡድን በታላቁ መድረክ ላይ አልነበረውም። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ የጥቂት ከተሞች ታሪክ ሆኖ ነው የተጀመረው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ተመሠረተ። ከድል በኋላ በተጀመረው ውድድር አብረውት የተሰለፉት የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ጦር ተልእኮ ቡድን ነበሩ፤ ሁሉም የአዲስ አበባ። ቀጥሎ ኤርትራ በእነ ሐማሴንና ቴሌ፣ ድሬዳዋ በጥጥ ማኅበር ዋንጫውን ተካፈሉ። ጎንደር በዚህ መዝገብ የምትገኘው በቡድን ሳይሆን በሰው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ በጭማሪው ሰዓት አራተኛዋን ግብ ያገባው መንግሥቱ ወርቁ የጎንደር ተወላጅ ነው። የተጫወተው ግን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። የክፍለ ሀገር ልጅ ስም የሚያወጣው አዲስ አበባ ሄዶ ነበር።

ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመርም የኃይሉ ሚዛን ወዲያው አልተለወጠም። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የአዲስ አበባው መብራት ኃይል ነው። ሐዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ዋንጫው ጊዮርጊስ ቤት አደረ። በዚሁ ዘመን ነው የእንግሊዝ ሊግ በሳተላይት የመጣው። ዲኤስቲቪ ቤቶች በየከተማው ተከፈቱ። የአገራችን ሰው ያውቃቸዋል፤ በር ላይ የቆመ ጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔ የተጻፈ «ዛሬ 11:30 አርሰናል ከ ቼልሲ»፣ ውስጥ በረድፍ የተደረደረ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ ተቀምጦ ሳንቲም የሚቀበል ልጅ። አንድ ትውልድ ኳስን ማየት የተማረው እዚያ ነው። ይህ ትውልድ ኳስ አያውቅም ብሎ መናገር አይቻልም፤ ጥሩ ኳስ ምን እንደሚመስል ከአባቶቹ ይልቅ አብጠርጥሮ ያውቃል። ስለዚህ ወደ ፋሲልና ወደ ባሕር ዳር ሲዞር ሌላ ስላላየ አልነበረም።

የተለወጠው የሚከተለው ነው። ፋሲል ከነማ ከከፍተኛ ሊጉ አልፎ በ2009 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ተሰለፈ፤ ባሕር ዳር ከነማ በ2011 ተከተለው። ለወረታ ሰው ጨዋታ ማለት ድንገት የአንድ ቀን መንገድ ሆነ፤ ጠዋት ተሳፍሮ፣ አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ገብቶ፣ ወይም ወደ ባሕር ዳር ወርዶ መመለስ የሚቻልበት። ሊጉ በሚጧጧፍበት በኅዳርና በታኅሣሥ የሜዳው ሩዝ ይታጨዳል፤ ገበሬው እጁ ላይ ጥቂት ብር የሚኖረው ያኔ ነው። ፎገራ በስሙ የደቡብ ጎንደር ነው፣ የጥንቱ በጌምድር አካል፤ በቢሮና በገበያ ጉዳይ ግን ወደ ባሕር ዳር ይሳባል። ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ ለጎንደሬውና ለባሕር ዳሩ ምርጫው ቀላል ነው። በመካከል ላለው ሰው ግን ምርጫው እውነተኛ ምርጫ ነው፤ ዘመድ፣ ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያ ጉዞ ይወስኑታል። ከእንግሊዝ ቡድን ጋር እንዲህ ያለ ትስስር ሊኖር አይችልም።

ቅርበት ግን ዋጋ አስከፍሏል፤ ይህን ዘሎ የሚያልፍ ታሪክ ጸሐፊ ሥራውን አልሠራም። 2011 ለፋሲል ድንቅ ዓመት ነበር። የኢትዮጵያን ዋንጫ አነሳ፤ የሊጉን ሻምፒዮንነት ግን በመጨረሻው ቀን በ1 ነጥብ ልዩነት ለመቀሌ 70 እንደርታ ለቀቀ። በሜዳ ላይ የነበረው ፉክክር ግሩም ነበር። ከሜዳ ውጭ ግን በዚያ ዘመን የአማራና የትግራይ ቡድኖች ጨዋታ የፖለቲካው ቁርሾ ማራገፊያ ሆኖ ነበር። የሰፈርን ቡድን እንደ ልጅ መውደድ አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሰፈር ልጅ መጥላት ሌላ። በ2013 ጦርነቱ ሲመጣ የትግራይ ሦስት ቡድኖች፣ መቀሌ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት፣ ከሊጉ ጠፉ። ያ መጥፋት ለማንም ደጋፊ ድል አልነበረም።

በዚያው 2013 ነው ጥያቄያችንን የሚፈትነው ነገር የሆነው። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ተሰርዞ ነበር። አዲሱ ውድድር ሲጀመር ሊጉ ከዲኤስቲቪ ባለቤት ከመልቲቾይስ ጋር ውል አስሮ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መታየት ጀመሩ፤ በወረርሽኙ ምክንያትም ሁሉም ቡድን በአንድ ከተማ እየተሰበሰበ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተጫወተ። ጎንደር ዙር አልደረሳትም። በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው ፋሲል፣ እነ ያሬድ ባየህን፣ ሽመክት ጉግሳንና ሙጂብ ቃሲምን ይዞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነው በገዛ ሜዳው አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው። በዘመናት የተጠበቀው ዋንጫ ለደጋፊው የደረሰው አርሰናልና ቼልሲ ይታዩበት በነበረው መስኮት ነው።

ይህ ለታሪክ ትልቅ ፈተና ነው። ደጋፊውን የያዘው መቅረቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ቡድኑ ሲርቅ መተው ነበረበት። ጥራቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱ ሊጎች በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ሲቀርቡ የእንግሊዙን ብቻ መምረጥ ነበረበት። የጎንደር አደባባይ የመሰከረው ሌላ ነው፤ ዋንጫው ሲገባ ሕዝቡ ወጥቶ ተቀበለው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በሜዳ ተገኝቶ የተሳሰረ ፍቅር ለተወሰነ ጊዜ በመስኮት ሊቆይ ይችላል፤ በመስኮት ብቻ ግን አይወለድም። ፋሲልን በ2013 በስክሪን የደገፈው ሰው ከ2009 ጀምሮ በአካል ያየው ሰው ነው።

የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ኮሮና ካለፈ በኋላም ሊጉ በጥቂት ከተሞች እየዞረ መካሄዱን ቀጠለ። ባሕር ዳር ስታዲየምን በ2014 ካፍ ደረጃውን አያሟላም ብሎ ብሔራዊ ቡድኑ እንዳይጫወትበት ከለከለ፤ ከዚያም በክልሉ የተነሳው ግጭት መንገዱንም ሜዳውንም ዘጋ። ባሕር ዳር ከነማ በ2015 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሲያጠናቅቅ፣ በደጋፊው ፊት ያደረገው ጨዋታ ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነበር። ዛሬ በወረታ 10 ዓመት የሞላው ልጅ የአገሩን ቡድን በአካል ሳያይ እያደገ ነው።

ስለዚህ ለሊጉ አክሲዮን ማኅበር፣ ለፌዴሬሽኑና ለሁለቱ ከተሞች አስተዳደር የማቀርበው አቤቱታ አጭር ነው። ሰላሙ በፈቀደ ማግስት ጨዋታውን ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር ሜዳ መልሱ። እስከዚያው ትዝታው እንዳይጠፋ፣ ክለቦቹም የ2009ን፣ የ2011ንና የ2013ን ሰነዶች፣ የጨዋታ ሪፖርቱን፣ ፎቶውን፣ የደጋፊ ማኅበራቱን መዝገብ፣ በቁልፍ ያስቀምጡ።